አቀበቱ መጨረሻ ላይ ነው፦ የሰላሌንና የጀማን ሸለቆ በእግር ለምትጎበኙ

ተራራ ደግ ነው። ጉልበት ሳላችሁ ያስወጣችኋል፣ ሲደክማችሁ ቁልቁል ይሸኛችኋል። ገደል ግን ተንኮለኛ ነው። ጠዋት እያጫወተ ያወርዳችሁና ሂሳቡን ከሰዓት በኋላ ይዞ ይመጣል።

ይህን ያወቅኩት ተቀጥቼ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደብረ ሊባኖስ አካባቢ የሄድኩት ከአጎቴ ልጅ ጋር ነበር። ከአፋፉ መውረድ የጀመርነው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ። የያዝነው ውሃ ለሁለት ሰው አንድ ሃይላንድ። በአንድ ሰዓት ተኩል ታች ደረስን። «ይሄ ነው እንዴ ገደል የሚባለው?» ብለን ሳቅን። ስንወጣ አራት ሰዓት ፈጀብን። መሀል ላይ ውሃው አለቀ፣ የአጎቴ ልጅ እግሩን ቁርጠት ያዘው፣ ፀሐይ ጠለቀች። አንድ ገበሬ የባትሪ መብራት ይዘው መጡና ቤታቸው አስገቡን። አሬራ በቅል ቀዱልን። ምንም አላሉንም፣ ግን አስተያየታቸው በቂ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ቁልቁለትንም ይጨምራል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመልሻለሁ። የሰሜን ሸዋን ሸለቆ ለማየት ለምታስቡ፣ የምሠራበትን ቅደም ተከተል እንዲህ ጻፍኩት። ሁሉም የተገነባው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ስንት ሰዓት ላይ አፋፉ ላይ ተመልሼ መቆም አለብኝ?

1. ወሩን ምረጡ

ሐምሌንና ነሐሴን ተዉአቸው። ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ አፋፉን ይውጠዋል። አጠገባችሁ የቆመው ጓደኛ ካልታየ ገደሉማ ከየት ይታያል። የሰላሌ ዋልካ ደግሞ ጫማ ላይ ከተለጠፈ እያንዳንዱን እግር ኪሎ ያሳክለዋል። የእግር መንገዱም ይንሸራተታል። በዚህ አገር መንሸራተት ማለት ደግሞ ወድቆ መነሳት ብቻ አይደለም።

እኔ የምወደው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ነው። ፏፏቴዎቹ ገና አልከሱም፣ አየሩ ታጥቧል፣ አፋፉ በአደይ አበባ ቢጫ ነው። ከሩቅ ያለውን የገደል ግድግዳ ስንጥቁን ጭምር ታዩታላችሁ። ኅዳርና ታኅሣሥም ጥሩ ናቸው። መንገዱ ደርቋል፣ አጨዳና ውቂያ ይታያል። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፣ ጋቢ ያስፈልጋል። ከጥር በኋላ አብዛኛው ፏፏቴ ወደ ቀጭን ክር ይለወጣል። በዚህ ወቅት የሚሄድ ሰው ለፏፏቴ ሳይሆን ለወንዙ ይሂድ፣ ለመሻገር ቀላል ነውና። የካቲትና መጋቢት ላይ የሸለቆው ወለል ምድጃ ነው።

ቀኑንም እዩ። ወር በገባ በ24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቀን ነው። በተለይ ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24፣ ጥር 24 እና ግንቦት 12 ደብረ ሊባኖስ በሕዝብ ይሞላል። ለንግስ ከሆነ የምትሄዱት በደስታ። በጸጥታ ጭላዳ ዝንጀሮ ማየት የፈለገ ግን ሌላ ቀን ይምረጥ። መኪናም ማደሪያም አያገኝም።

2. ስለ መንገዱ ጠይቁ፣ ከዚያ በጠዋት ውጡ

ባለፉት ዓመታት የአካባቢው ጸጥታ ከወር ወር ሲለዋወጥ ቆይቷል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ሰው ጠይቁ። አንዱ እዚያው የሚኖር፣ ሌላው በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌር። ሾፌሩ «ዛሬ ባትሄዱ ይሻላል» ካለ አትከራከሩት። ገደሉ የትም አይሄድም።

መልሱ ደህና ከሆነ ከአዲስ አበባ በንጋት 12 ሰዓት ውጡ። የሕዝብ መኪና የምትይዙ ከሆነ በአዲሱ ገበያ በኩል ነው፣ በፍቼ ወይም በጎጃም መስመር። እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ፅጌ። ከደብረ ፅጌ በኋላ የደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለረዳቱ ቀድማችሁ «መገንጠያው ላይ ወራጅ አለ» በሉት፤ አለበለዚያ ፍቼ ላይ ነው የምትነቁት።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር ሜዳው ነው። መንገዱ ሙሉ ሜዳ ነው። የስንዴና የጤፍ ማሳ፣ ከብት፣ የሳር ክምር። «ገደሉ የታለ?» ትላላችሁ። ድንገት መሬቱ ያልቃል። የአገሩ ውበትም አደጋውም ይኸው ነው፤ ምንም ማስጠንቀቂያ የለውም። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከመኪና ሳይወርዱ እጃቸውን ያዙ።

መራመድ ለማይችል ሰው ሌላ አማራጭ አለ። ሙከጡሪ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ በለሚ በኩል ወደ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። መንገዱ እየተጠማዘዘ እስከ ጀማ ድልድይ ይወርዳል፣ ከዚያ በማዶ ይወጣል። ደጋውን ትታችሁ ቆላ ውስጥ መግባታችሁን በመስኮቱ በሚገባው አየር ታውቁታላችሁ። አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሸለቆውን ያየሁላቸው በዚህ መንገድ ነው። ስትነዱ ግን ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ። ፍሬን ላይ ተደግፎ የወረደ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬኑ ይሸታል፣ አንዳንዴም አይይዝም።

3. ቦርሳው

በሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ። ይህ ለድርድር አይቀርብም። ከባድ ነው ብላችሁ አትቀንሱ፣ እየጠጣችሁት ይቀላል።

ስንቅ ላይ የፈረንጅ ብስኩት አያስፈልግም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ይበቃል። ጭኮ ካገኛችሁ ደግሞ ንጉሥ ናችሁ። የገብስ ዱቄትና የሰላሌ ቅቤ ናት፤ ሁለት ጉርሻ ግማሽ አቀበት ታስወጣለች። ጨው ያለው ነገርም ያዙ፣ ታች ላብ ጨዉን ይዞት ይሄዳል።

ጫማው አዲስ አይሁን። ከፊት ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ሶሉ ያልተበላ ይሁን። ማታውን የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ። ይህን ምክር ስሰጥ ሰው ይስቃል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁልቁል ስትረግጡ ጣታችሁ የጫማውን ጫፍ ሲመታ ይገባችኋል። ረጅም ጥፍር ይዞ የወረደ ሰው ጠቁሮ ነው የሚመለሰው፣ ጥፍሩ ማለቴ ነው።

ዱላ ያዙ። ከዘራ አይደለም፣ ደረት የሚደርስ የገበሬ ዱላ። ቁልቁል ጉልበትን ያሳርፋል፣ ወንዝ ውስጥ ሦስተኛ እግር ይሆናል። ኮፍያ፣ የባትሪ መብራት፣ የቁስል ፋሻ፣ እጀ ረጅም ሸሚዝ ጨምሩ። ብሩን ዘርዝራችሁ ያዙ። ቴሌብር ከተማ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ገደል ውስጥ ግን ኔትወርኩ ራሱ የለም።

4. አፋፉ ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጡ

አብዛኛው ሰው እዚህ ይሳሳታል። መጥቶ፣ ሰልፊ ተነስቶ፣ «የታለ ዝንጀሮው?» ይላል። ጭላዳን የሚያየው የተቀመጠ ሰው ነው።

ጭላዳዎች የሚያድሩት ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው፣ ነብርና ጅብ በማይደርስበት ቀጭን እርከን ላይ። ፀሐይ ስታሞቃቸው አንድ በአንድ ወደ ሳሩ ይወጣሉ። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ አፋፉ ላይ ሆናችሁ ጠብቁ። ማታ 11 ሰዓት አካባቢ ደግሞ ወደ ገደሉ ሲመለሱ ይታያሉ። ያ የመመለሻ ሰዓት ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ግልገሎቹ መግባት አይፈልጉም፣ እናቶቹ ይጎትቷቸዋል። ማታ ከሰፈር ሜዳ ልጅ ጎትቶ ያስገባ ሰው ያውቀዋል።

በኢትዮጵያ ደጋ ካልሆነ በዓለም ላይ በዱር አይገኙም። ከዝንጀሮ ወገን ሳር ግጦ የሚኖር እነሱ ብቻ ቀርተዋል። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሳሩን እየነጩ ወደ አፋቸው ይልካሉ። ሲጨርሱ አይነሱም፣ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ወደሚቀጥለው ሳር ይሄዳሉ። ደረታቸው ላይ ያለው ጸጉር አልባ ቀይ ቦታ የሚጠቅመው እርስ በርስ ምልክት ለመስጠት ነው ይባላል። ሌሎች ዝንጀሮዎች ምልክታቸው መቀመጫቸው ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ እንስሳ ደግሞ ያ አይታይም።

ዋናው ወንድ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው። የላይኛ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳያችሁ፣ ወይም ቅንድቡን ስቦ ነጩን የዓይኑን ቆብ ካወጣ፣ «በቃ፣ ቀረባችሁ» ማለቱ ነው። ዓይኑን ሳታፈጡበት በዝግታ ወደ ኋላ በሉ። ወደ ኋላ ስትሉ ግን ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ! ሙዝና ዳቦ አትስጧቸው። ከሰው እጅ የለመደ መንጋ ነገ የገበሬውን ገብስ ይገባበታል፣ ከዚያ ድንጋይ የሚዘንበው በእነሱ ላይ ነው።

ተቀምጣችሁ ሳላችሁ ግድግዳውንም አንብቡ። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ። ከሥሩ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ከዚያ በታች ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋዩ የባሕር ወለል ነበር። በደጋው ጫፍ ተቀምጣችሁ ባሕር እየተመለከታችሁ ነው። የሙገርና የደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካዎችም በዚህ በኩል የተተከሉት ለዚሁ ድንጋይ ነው። ምናልባት ሳሎናችሁ ግድግዳ ላይ የተለሰነው ከዚያ ባሕር ይሆናል።

ቀና በሉ። ክንፉን ሳያርገበግብ የሚንሳፈፍ ትልቅ አሞራ ካያችሁ፣ ጅራቱ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ከሆነ፣ አጥንት ከፍ አድርጎ ዓለት ላይ እየጣለ የሚሰብረው እሱ ነው። ወፍ ወዳጆች ግን ከውጭ አገር ድረስ የሚመጡት ለሌላ ነው፣ ለአንዲት ቆቅ። በጀማና በዓባይ ሸለቆ አካባቢ ካልሆነ የማትገኝ ቆቅ አለች። እኔ ሰምቻታለሁ፣ አላየኋትም።

5. ድልድዩ

ከአፋፉ በአጭር የእግር መንገድ «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚባለው ይገኛል። ስሙ ላይ አትደገፉ። ፖርቹጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሠሩት የሚለው በአፍ የተላለፈ ነው። ያሠሩት የሰላሌው ገዥ፣ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ልጆቹ ኖራው በሰጎን እንቁላል እንደተቦካ ይነግሯችኋል። አትከራከሯቸው፣ ጥሩ ታሪክ ነው።

ድልድዩን ተሻግራችሁ ወንዟ ወደ ገደሉ ወደምትወድቅበት ስትጠጉ ግን ቁም ነገር ልንገራችሁ። ድንጋዩ ውሃ ያለሰለሰው ነው። ጠቆር ያለው ሁሉ እርጥብ ነው፣ አረንጓዴው ደግሞ ሳሙና ነው። ቆማችሁ ወደ ጫፉ አትሂዱ። ማየት ካማራችሁ በደረታችሁ ተኙና ጎርደድ እያላችሁ ሳይሆን እየተሳባችሁ ተጠጉ። የሰው ፊት አያሳፍራችሁ። ፎቶ የሚያነሳው ሰው «ትንሽ ወደ ኋላ» ካላችሁ ደግሞ እንቢ በሉ።

6. ገዳሙ

ገዳሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ነው። ጥንት ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። አሁን የምታዩት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። የመስኮቶቹን ባለቀለም መስታወት የሠሩት ሰዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ናቸው፤ ከውስጥ ሆናችሁ ፀሐይ ሲያርፍበት እዩት። ጻድቁ በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩበት ዋሻ ከላይ ነው፣ ጸበልም አለ።

ወደ ገዳሙ በስፖርት ልብስ አይገባም። እህቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶችም ቁምጣ አይሁን። መነኮሳቱን «አባ» ብላችሁ አነጋግሩ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የገዳሙ መነኮሳትና ምእመናን የተጨፈጨፉበት ቦታ መሆኑንም አትርሱ። ቦታው እንደ መናፈሻ የሚጮኹበት አይደለም።

ገዳሙንና ቁልቁለቱን በአንድ ቀን አታድርጉት። አንዱን ለቅዳሜ፣ ሌላውን ለእሁድ ተዉት። ፍቼ ብዙ አትርቅም፣ ማደሪያ አላት።

7. መውረድ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ።

ሰው ሳትይዙ አትውረዱ። ከላይ ሲታይ አንድ የሚመስለው መንገድ ታች አሥር ቦታ ይከፈላል። ግማሹ የፍየል ነው፣ ፍየል የምትሄድበት ሁሉ ደግሞ ሰው አይሄድበትም። የሰፈሩ ልጆች አገሩን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ለግማሽ ቀን ይሁን ለሙሉ ቀን ለዩ። ምሳውን እናንተ ቻሉ።

አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፣ አማርኛም ይግባባችኋል። ግን «አከም ጅርቱ» ብላችሁ ብትጀምሩ ፊት ይፈታል። ትልልቅ ሰዎችን «ኦቦ»፣ እናቶችን «አዴ» በሉ። ስትለዩ «ገለቶማ»። አንድ ቃል ያላወጣ ሰው በማሳ መሀል ሲያልፍ ሌባ ይመስላል። በነገራችን ላይ በማሳው መሀል አትለፉ፣ በወሰኑ ዙሩ። የቤት ውሻ ከመጣባችሁ አትሩጡ። ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ፣ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ከዚያ ሂሳቡን ሥሩ። የእኔ ስሌት ይኸውና። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ነው። አፋፉ ላይ 10 ሰዓት መድረስ አለብኝ፣ ሁለቱ ሰዓት መጠባበቂያ ነው። መውጫው የመውረጃውን እጥፍ ይፈጃል ብዬ እይዛለሁ፣ ለጀማሪ እጥፍ ተኩል። ሁለት ሰዓት ከወረድኩ አራት ወይም አምስት ሰዓት ለመውጫ ማለት ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት መውረድ ከጀመርኩ 3 ሰዓት ታች ነኝ፣ አንድ ሰዓት ተኩል አርፋለሁ፣ ቢበዛ 5 ሰዓት ላይ ፊቴን ወደ ላይ አዞራለሁ። ጭላዳውን ጠዋት ያላየ ማታ ያየዋል።

የመመለሻውን ሰዓት ለሁሉም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ሰዓቱ ሲደርስ ወንዙ ጋ ባትደርሱም ተመለሱ። «አሥር ደቂቃ ነው የቀረን» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አስመሽቷል። የሰፈሩ ልጅ «እዚህች ጋ ናት» ካለ ደግሞ በሦስት አባዙት። እሱ የሚለካው በራሱ እግር ነው።

አፋፉ ላይ ለሚቀር ሰው፣ ለሻይ ቤት ባለቤትም ቢሆን፣ «10 ሰዓት ካልመጣን ፈልጉን» ብላችሁ ንገሩ። ታች ስልክ አይሠራም። እግሩ የተሰበረ ሰው ከዚያ የሚወጣው በቃሬዛ ነው፣ በገበሬዎች ትከሻ። እኔ አንድ ጊዜ ሲያወጡ አይቻለሁ። ስምንት ሰው እየተቀባበለ ነበር።

ስትወርዱ በአጭር እርምጃ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ። አትሩጡ። ጠጠሩ ልቅ የሆነበት ቦታ ላይ ተራርቃችሁ ሂዱ፣ ከላይ ያለው ሰው የሚያንከባልለው ድንጋይ የታችኛውን ያገኘዋል። ስትንሸራተቱ የምትይዙትን ተክል አስቀድማችሁ እወቁ። ቁልቋል አትያዙ። ነጩ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ወይራና ግራር ይሻላሉ፣ ግራር እሾህ ቢኖረውም እሾህ ይነቀላል።

በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 6 ዲግሪ አካባቢ ይጨምራል። ወደ ጀማ ወለል ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ላይ ጋቢ ለብሳችሁ ጀምራችሁ ታች ሸሚዝ ይከብዳችኋል። እግረ መንገዱንም ተክሉ ይለወጣል፣ ከጽድና ወይራ ወደ ግራርና ሾላ። ልብሱን እየቀነሳችሁ ውረዱ፣ ግን ኮፍያውንና እጅጌውን አታውልቁ።

ውሃውን እንዲህ ክፈሉት። አንድ ሦስተኛው ለመውረጃና ለእረፍት፣ ሁለት ሦስተኛው ለመውጫ። አንዱን ጠርሙስ ግማሽ መንገድ ላይ ዛፍ ሥር መደበቅም ይቻላል፣ ክብደት ይቀንሳል። የደበቃችሁበትን ዛፍ ፎቶ አንሱ። አለበለዚያ ግራር ሁሉ አንድ ነው።

8. ወንዙ ዳር

ዋኙ አልልም፣ አትዋኙ እላለሁ። ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላል። ዓባይ ሸለቆ ድረስ የምትሄዱ ከሆነ አዞም አለ። እግር መንከር ካማራችሁ በሚፈስ፣ ወለሉ በሚታይ ቦታ ይሁን። ውሃውንም ሳታፈሉ ወይም ሳታክሙ አትጠጡ። ከክረምት ማግስት ባሉት ወራት ወባ ስለሚበረታ ማደር የሚፈልግ ሰው አጎበር ይያዝ፣ ተመልሶ ትኩሳት ከያዘው ደግሞ ቆላ መውረዱን ለሐኪሙ ይንገር። አዲስ አበባ ላይ «ጉንፋን ነው» ተብሎ ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ደራሽ ጎርፍ ነው። እናንተ ታች ሆናችሁ ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ዝናቡ ግን ላይ፣ ደጋው ላይ፣ ምናልባት ሦስት ወረዳ አልፎ ወርዷል። ያ ሁሉ ውሃ የሚመጣው በእናንተ በኩል ነው። ምልክቶቹን ያዙ፦ ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ቡና ይመስላል፤ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፤ ድምፁ ይጎረናል። ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ ቦርሳ አትሰብስቡ። ውጡ። በደረቅ አሸዋ ላይ ምሳ ዘርግታችሁ እንኳ ቢሆን ተዉት። እረኞች ሲሮጡ ካያችሁ ምክንያቱን ሳትጠይቁ ሩጡ።

መሻገር ግድ ከሆነ እረኛ ጠይቁ። እረኛው ከሌለ ሰፊውን ቦታ ምረጡ፣ ውሃ የሚሳሳው በሰፊው ላይ ነው። ጫማችሁን አታውልቁ። የቦርሳውን ማሰሪያ ፍቱ፣ ብትወድቁ ከነቦርሳው እንዳይወስዳችሁ። ፊታችሁን ወደ ውሃው መምጫ አዙራችሁ፣ ዱላውን ከፊት ተክላችሁ፣ በጎን በጎን ተራመዱ። ከጉልበት ካለፈ ተመለሱ።

9. መውጣት

ከመጀመራችሁ በፊት ብሉ፣ ጠጡ፣ ጭንቅላታችሁንና ሸሚዛችሁን አርጥቡ። ከዚያ አዝግሙ። ማውራት የማትችሉበት ፍጥነት ፈጣን ነው። ከፊት የሚሄደው ጉልበተኛው አይሁን፣ በጣም የደከመው ሰው ይቅደም። ሁሉም በእሱ እግር ይራመዳል። ይህ ዘዴ ጉራ ያቆማል፣ የሰው ልጅም አይጠፋም።

በየ20 ደቂቃው ጥላ ሥር ቁሙ። አትቀመጡ ማለቴ አይደለም፣ ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ አትቀመጡ፣ እግር ይተሳሰራል። አንድ ሰው ላብ ማላቡን ካቆመ፣ ወይም ንግግሩ ከተምታታ፣ አቀበቱ ቀርቷል። ጥላ፣ ውሃ በሰውነቱ ላይ፣ ማራገብ። ሲበርድለት እንኳ ቀስ ብሎ ነው።

ወደ ላይ አትመልከቱ። ይህ የግሌ ነው። ቀና ባልኩ ቁጥር አፋፉ የሚርቅ ይመስለኛል። አሥር ሜትር ላይ ያለች ድንጋይ እመርጣለሁ፣ እሷ ጋ እደርሳለሁ፣ ሌላ እመርጣለሁ። ለአህያዎች መንገድ ልቀቁ፣ ስትለቁ ግን በገደሉ በኩል ሳይሆን በግድግዳው በኩል ተጠጉ። የተጫነ አህያ ጎን ሲያልፍ ይገፋል። ሃምሳ ኪሎ እህል ተሸክማ የምታልፋችሁ አህያ ስሜታችሁን ትጎዳለች፣ ለዚያ መድኃኒት የለኝም።

10. መመለስ

በሌሊት አትጓዙ። የሕዝብ መኪና ማታ እየሳሳ ስለሚሄድ 11 ሰዓት ሳይሞላ መገንጠያው ላይ ሁኑ፣ ካመለጣችሁ ፍቼ እደሩ። የራሳችሁ መኪና ካላችሁም ከብትና ጋሪ አስፋልቱ ላይ ያለ መብራት እንዳለ አስታውሱ። በቀን ከሆነ ሱሉልታ ጋ ወተት ጠጡ።

ማግስቱን ጭናችሁ ይታመማል፣ ሁለተኛው ቀን ደግሞ ይብሳል። ሁሉም አቀበቱን ይረግማል። ያመመው ግን ቁልቁለቱ ነው። ጡንቻ የሚቀጠቀጠው እየተሳበ ክብደት ሲያቆም ነው፣ ያ ደግሞ ስንወርድ ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የኮንዶሚኒየም ደረጃ ስትወርዱ ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙሩ፣ መደገፊያውን ያዙ፣ በጎን በጎን ውረዱ። ጎረቤት ከጠየቀ «ጉልበቴን ነው» በሉ።